አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን በአካባቢያቸው ከሚገኙ የድጋፍ አገልግሎቶች ጋር ማገናኘት

የኮቪድ-19 በሽታ በኢትዮጵያ መከሰቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ጊዜ አንሥቶ አረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ወገኖች ከቤት እንዳይወጡ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር ያላቸውንም ንክኪ እንዲቀንሱ ሲመከር ነበር። ምክሩ ሕይወት የሚያድን ነበር። ይሁን እንጂ በር መዝጋት ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ያለቀባቸው አዛውንት ወይም ረዳቱ በሕመም ምክንያት የቀረበት አካል ጉዳተኛ ከቫይረሱ ቢያመልጥም በሌላ ምክንያት ለከፋ ጉዳት ሊዳረግ ይችላል። ስለዚህ የጥንቃቄው ሌላው ግማሽ እነዚህን ወገኖች በቅርብ ከሚገኝ ድጋፍ ጋር ማገናኘት ነው።

ችግሩ የሚበረታባቸው ሁኔታዎች

ዓይነ ስውራን የመሪያቸውን ክንድ ይዘው ይሄዳሉ፤ ዕቃዎችንም በመዳሰስ ይለያሉ። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ የከንፈር እንቅስቃሴንና የፊት ገጽታን ስለሚሸፍን መግባባትን ያውካል። በተሽከርካሪ ወንበር፣ በክራንች ወይም በከዘራ የሚጠቀሙ ሰዎች መሣሪያቸው በየሥፍራው ስለሚነካ እጃቸውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውንም ዘወትር ማጽዳት ያስፈልጋቸዋል። ለመመገብ፣ ለመታጠብና ለመልበስ የሰው እጅ የሚሹ ደግሞ ከረዳታቸው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀው ሊኖሩ አይችሉም። ለእነዚህ ሁሉ «ራቁ» ማለት አይበቃም፤ ርቀቱ የሚያጎድልባቸውን የሚሞላ አካል ሊኖር ይገባል።

ድጋፍ የሚገኝባቸው ሥፍራዎች

ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት በመሄድ የጤና ትምህርት ይሰጣሉ፤ ሕመምተኞችንም ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ከአንድ ወር በላይ የሚያቆይ መድኃኒት ሊሰጣቸው ይችል እንደሆነ ወይም ቤተሰብ ሊወስድላቸው ይችል እንደሆነ የጤና ባለሙያቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን፦ መርሐ ግብሩ በተዘረጋባቸው ወረዳዎች መዋጮ የመክፈል አቅም የሌላቸው ተብለው ለተለዩ ቤተሰቦች ክፍያው በመንግሥት ይሸፈናል። አባልነቱ ሳይታደስ የቆየ ቤተሰብ ከመታመሙ በፊት ቀበሌውን መጠየቅ አለበት።

የሴፍቲኔት ፕሮግራም፦ በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ከዕድሜ ወይም ከአካል ጉዳት የተነሣ መሥራት ለማይችሉ ተጠቃሚዎች ሥራ ሳይጠይቅ የቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። በተመረጡ ከተሞችም ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ። ምርጫውና ምዝገባው የሚጀምረው ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ነው።

ዕድሮችና ማኅበራት፦ ዕድር የሠፈሩን ነዋሪ በስም ያውቃል፤ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ጧሪ እንደሌለው ለመለየት የሚቀድመው የለም። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወይም የመንቀሳቀሻ መሣሪያ የሚገኝበትን መንገድ ሊያመለክቱ ይችላሉ።

የማገናኘት ቅደም ተከተል

1. በቅድሚያ ባለጉዳዩን ራሱን ማነጋገር። አረጋዊን ወይም አካል ጉዳተኛን ትቶ አጠገቡ ያለውን ሰው ብቻ መጠየቅ ክብርን ይነካል፤ ፍላጎቱንም ያስተዋል። ስሙ ለማንኛውም አካል የሚሰጠው እርሱ ሲፈቅድ ነው።

2. ፍላጎቱን በዝርዝር መጻፍ። የሚወስደው መድኃኒትና የሚያልቅበት ቀን፣ የምግብና የውኃ ሁኔታ፣ የረዳቱና የቅርብ ዘመዱ ስልክ በአንድ ወረቀት ሰፍረው በቤቱ ግልጽ ቦታ ቢቀመጡ በድንገት የሚደርስ ሰው አይቸገርም።

3. ተተኪ ረዳት መሰየም። ዋናው ረዳት ቢታመም ወይም ለይቶ ማቆያ ቢገባ በማግሥቱ የሚተካው ሰው ዛሬ መታወቅ አለበት።

4. ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል ማድረስ፤ ማን እንደተቀበለውና መቼ ምላሽ እንደሚሰጥ መያዝ።

5. መከታተል። ስም መመዝገቡ እርዳታ መድረሱን አያረጋግጥም። በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ በስልክ ወይም ከደጅ ሆኖ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስልክ መስማት ከማይችል ሰው ጋር በጽሑፍ መልእክት ወይም በታወቀ ምልክት መግባባት ይቻላል።

ድጋፍ ሰጪዎች ወደ ቤት ሲገቡ እጃቸውን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ አፍና አፍንጫቸውን መሸፈን፣ የሕመም ስሜት ካላቸው ደግሞ ሌላ ሰው መተካት ይጠበቅባቸዋል።

አፋጣኝ እርዳታ የሚሹ ምልክቶች

በአረጋውያን ላይ በሽታው ትኩሳት ሳያሳይ ሊጀምር ይችላል። ድንገተኛ ግራ መጋባት፣ ከወትሮው የተለየ ድካም፣ ምግብ መተው ወይም መውደቅ ቸል ሊባሉ አይገባም። ትንፋሽ ማጠር ከታየ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ 8335 ወይም ወደ 952 መደወል ያስፈልጋል። መደወል ለማይችል ሰው ጎረቤቱ ይደውልለታል፤ ይህን ኃላፊነት የሚወስደው ጎረቤት ማን እንደሆነ አስቀድሞ ተነጋግሮ መወሰን ይበጃል።