የሳይንስ ተቋማትና የኢንዱስትሪ ትስስር፤ የእንጦጦ ልምድ

በሳይንስ ተቋማትና በኢንዱስትሪ መካከል ስለሚደረግ ትስስር ሲነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ውል መፈራረም፣ ገንዘብ መመደብና ዕቃ መረከብ ነው። ይሁን እንጂ አምራቹ ሥራውን ጨርሶ ሒሳቡን በሚዘጋበት ቀን፣ የተመራማሪው ሥራ ገና መጀመሩ ነው። ይህ የጊዜ አለመጣጣም በዕቅድ ካልታሰበበት ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት፣ የአዲስ አበባን ሰሜናዊ ዳርቻ የሚከልለውን የእንጦጦን ተራራ መመልከት ይጠቅማል።

በእንጦጦ አናት፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የምርምር ማእከል ይገኛል። ሐሳቡን በመጀመሪያ ያነሣው መንግሥት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የግል ባለሀብት ረድተውታል። የመንግሥት ኢንስቲትዩት የተቋቋመው ዘግይቶ በ2009 ዓ.ም. ነው። የክረምቱ ደመናና ከዓመት ወደ ዓመት የሚስፋፋው የከተማዋ መብራት ለከዋክብት ምልከታ እንቅፋት መሆናቸው አይካድም። ሆኖም ቦታው ባለሙያ ማፍሪያና የሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያ ሆኖ አገልግሏል።

የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ጠፈር ተላከች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ከጠቅላላው 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ አብዛኛውን የሸፈነው የቻይና መንግሥት ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም ከቻይና አቻዎቻቸው ጋር በንድፉ ሥራ ተሳትፈዋል። ለዕቅድ አውጪዎች ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሳተላይቷ እንድታገለግል የታቀደው ለ2 ዓመት ብቻ ነበር፤ አንድን መሐንዲስ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንሥቶ ለዚህ ሥራ ለማብቃት የሚፈጀው ጊዜ ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ከትብብሩ የሚቀረው ሀብት በምሕዋር የሚዞረው ዕቃ ሳይሆን፣ ንድፍ ማውጣትን የተማረው ሰውና የተከማቸው መረጃ ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. አነስተኛዋ ሁለተኛ ሳተላይት መላኳም ሥራው በአንድ ርክክብ እንዳልቆመ ያሳያል።

የትስስር መጥፋት የሚያስከትለውን ጉዳት ደግሞ የእንዶድ ታሪክ ያስረዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ለእርሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዓለም አቀፍ ሽልማት ቢያስገኝም፣ በአገር ውስጥ ተረክቦ በስፋት የሚያመርት ኢንዱስትሪ አላገኘም። በኋላም እንዶድን የውሃ ቧንቧ ለሚደፍኑ ባለ ዛጎል እንስሳት ማጥፊያ የማዋል የፈጠራ መብት የተመዘገበው በአሜሪካ፣ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በኩል ነበር።

ከሁለቱ ልምዶች እንደሚታየው፣ በውሉ ላይ ከዋጋው እኩል መጻፍ ያለበት የሠልጣኞች ቁጥር፣ የመረጃው ባለቤትነትና ቀጣዩ ሥራ ነው። በመንግሥት በኩልም ውሉን የሚከታተለው ክፍል ከመሥሪያ ቤቶች መለዋወጥ ጋር መበተን አይገባውም፤ የስፔስ ኢንስቲትዩቱ ራሱ በ2014 ዓ.ም. ከጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋር መዋሐዱ ይታወሳል።

የመምህራን ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት ባነሣችው ምስል እያንዳንዱ ነጥብ የሚወክለው በየጎኑ 13.75 ሜትር የሆነ መሬት ነው። ስፋቱ 189 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ አንድ ሄክታር ማሳ 53 በሚሆኑ ነጥቦች ይወከላል። ይህን ስሌት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። በየካ አባዶ ያለ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ፣ ቀድሞ የእርሻ ማሳ ከነበረውና ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከቆሙበት መሬት አንድ ሄክታር በሜትር አስለክቶ፣ በነጥቦቹ ውስጥ ምን ምን ሊለይ እንደሚችልና ምን እንደሚሰወር ተማሪዎቹን ማወያየት ይቻላል።