የንግድ ትምህርት ቤት ወዴት ነው?

አብነት ሠፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም ከዚያው እየተመላለስኩ ሥነ ጽሑፍ የምማር ነኝ። እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በንግድ ትምህርት ቤት ግቢዎች ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔን ግን ያገባኝ ያልተከፈለ ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ገና አዲስ ገቢ ሳለሁ፣ አንዲት ጎረቤታችን ልጃቸውን አስከትለው ወደ ቤታችን መጡ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ለምዝገባ የሚሄድበት ዕለት ነበር። «አንተ ልጄ፣ እዚያው አይደለህ የምትማረው? ይኸ የንግዱ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ ወዴት ነው?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ከስድስት ኪሎ ሌላ የሚታየኝ ስላልነበረ፣ በሙሉ ልብ «ስድስት ኪሎ ነው እትዬ» ብዬ ላክሁት። ልጁ ፒያሳን አቋርጦ፣ ታክሲ ለዋውጦ ስድስት ኪሎ ደረሰ። ፀሐይ እስኪከር ድረስ ሲጠይቅ ቆይቶ፣ የተመደበበት ክፍል ሰንጋ ተራ፣ ኮሜርስ መሆኑን ሰማ። ሰንጋ ተራ ማለት ከቤቱ በእግር የሚደረስበት ስፍራ ነው! እናቱ አልተቆጡኝም። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር «ስድስት ኪሎ ደኅና ነው?» እያሉ ሰላምታ ይሰጡኛል። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሰላምታ መልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት በአንድ ግቢ ተወልዶ በአንድ ግቢ ያደገ አይደለም። ሁለት ሥር አለው። አንደኛው ሥር የተተከለው በሰንጋ ተራ፣ ሁለተኛው በስድስት ኪሎ ነው። ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው እንደ እኔ የሰው ልጅ ያንከራትታል።

በቅርቡ እንጀምር። ከአብነት አደባባይ ተነሥቶ ወደ ልደታ የወረደ፣ ከዚያም ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ የቀላል ባቡሩን ሐዲድ የተከተለ ሰው በመጀመሪያ ተግባረ ዕድን ያገኛል። ትንሽ አልፎ ሜክሲኮ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ጥግ ያለው ሠፈር ሰንጋ ተራ ይባላል። ሰንጋ የሰባ በሬ ነው፤ ተራ ደግሞ ገበያተኛው እንደየዕቃው ዓይነት ተለይቶ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ስሙ ራሱ ገበያ ነው።

በዚህ ሠፈር ለብዙ ዘመን የኖረው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1935 ዓ.ም. ነው። ይህን ዓመት አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ጠላት ከአዲስ አበባ ከወጣ ገና ሁለት ዓመት ነበር። መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹን እንደ አዲስ ያቋቁም ነበር፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክም ሥራ የጀመረው በዚሁ በ1935 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተያያዘ፣ አመራሩም በውጭ አገር ሰዎች እጅ የነበረ ነው። እንግዲህ ባንክ መክፈት አንድ ነገር ነው፤ መዝገቡን የሚይዝ የአገር ልጅ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። የሒሳብ አያያዝ፣ የጽሕፈት መኪናና የጸሐፊነት ሙያ የሚያስተምር ቤት የግድ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። ትምህርት ቤቱ ተራ ቤት አልነበረም፤ የአገሩ ብዕር በአገሩ ልጅ እጅ ይግባ የተባለበት ቤት ነበር። በ1971 ዓ.ም. ወደ ኮሌጅነት አደገ፤ ቆይቶም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። የከተማው ሰው ግን ማዕረጉ ቢለዋወጥም ባይለዋወጥም ያው «ኮሜርስ» ይለዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሥር ልሻገር፤ መንገዱ ሽቅብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ነው። በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡ ግርግር ሆነ፤ በዚያ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የብዙ መኳንንትና ሹማምንት ደም ፈሰሰ። ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡት፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ተመረቀ። በ1950ዎቹ ዓመታት የቢዝነስ አስተዳደር ኮሌጅ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቋቋመ። ከዚህ ወገን የመጣው ትምህርት ከጊዜ በኋላ ከኢኮኖሚክስ ጋር ተጣምሮ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ፋኩልቲ ሆነ። ተማሪው ግን ረጅም ስም አይወድምና በእንግሊዝኛው ፊደል አሳጥሮ «ኤፍ ቢ ኢ» አለው፤ ፋኩልቲው ኮሌጅ ከተባለም በኋላ በስድስት ኪሎ ያለው ግቢው የሚታወቀው በዚሁ አጭር ስም ነው። የኢኮኖሚክስ ምሁሩ የዶክተር እሸቱ ጮሌ ስም መታሰቢያ ሆኖ የቆመውም በዚያ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ቤቶች አስተያዩአቸው። የስድስት ኪሎው ወገን ጎረቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየምና የሕግ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ከክፍል ሲወጣ የሚያገኘው ሌላ ተማሪ ነው፤ የሚከራከረውም ስለ አገር ሀብት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ዋጋ ንረት ምክንያት ነው። የሰንጋ ተራው ወገን ደግሞ በገንዘብና በሥራ መካከል የበቀለ ነው። በአንድ ወገን ተግባረ ዕድ የእጅ ሙያ ያስተምራል፤ በሌላው ወገን ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ በእግር ይደረሳሉ። በ1967 ዓ.ም. የተወረሰው የግል ባንክ በ1986 ዓ.ም. እንደ ገና ከተፈቀደ ወዲህ፣ ንብን፣ ኅብረትንና ዘመንን የመሳሰሉ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤታቸውን በዚያው በሰንጋ ተራ ገንብተዋል። በሬ ይሸጥበት የነበረው ተራ የባንክ ተራ ሆነ ማለት ነው። የኮሜርስ ተማሪ ከክፍሉ ሲወጣ የሚያገኘው ነገ የሚቀጥረውን ሰው ነበር።

ታዲያ አንድ ትምህርት ቤት በሁለት ቦታ መሆኑ ጉድለት ነውን? የሠፈሬ ስም ለዚህ ጥያቄ መልስ ያቀብለኛል። አብነት ማለት አርአያ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ትምህርት ቤት የአብነት ትምህርት ቤት ይባላል። ያ ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ አያውቅም። ድጓ የፈለገ ተማሪ ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል፤ ቅኔ የፈለገ ዋሸራ ወይም ዋድላ ይሻገራል። አኩፋዳውን አንግቶ አገር ለአገር የሚዞር ተማሪ «ትምህርት ቤቱ ለምን ተበታተነ?» ብሎ አያማርርም። እያንዳንዱ ዕውቀት የራሱ ደብር እንዳለው ያውቃልና። በውጭ አገርም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተው የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ከ1927 ጀምሮ የሚኖረው ከዋናው ዩኒቨርሲቲ ወንዝ ተሻግሮ ነው። ስለዚህ በሁለት ቦታ መሆን አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የትኛው ለምን በዚያ እንደ ተቀመጠ መርሳት ነው።

ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ከተማችን በየጊዜው ይፈርሳል፣ ይሠራል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ስንት ሠፈር መልኩ እንደ ተለወጠ ሁላችንም አይተናል። ሕንፃ ሊነሣ፣ ክፍል ከግቢ ወደ ግቢ ሊዛወር ይችላል፤ ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የንግድ ትምህርት ቤት ወዴት ይሁን ተብሎ በሚመከርበት ቀን ሁሉ፣ የአንድ ሰው እግር ቢታሰብ እወዳለሁ። ይኸውም የማታ ተማሪው እግር ነው። ይህ ሰው ቀን በባንክ ወይም በመሥሪያ ቤት ሲሠራ ውሎ በ11 ሰዓት ይወጣል፤ በ11 ሰዓት ተኩል ክፍል መግባት አለበት። ሰንጋ ተራ ለእርሱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። ያን ግማሽ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ብናሳድገው፣ ትምህርቱ በመጽሐፍ ላይ ያው ነው፤ ተማሪው ግን ያው አይሆንም። ልጆች ያላት እናት፣ ደሞዙ ለትራንስፖርት የማይበቃ ታናሽ ጸሐፊ፣ እነዚህ በመጀመሪያ የሚቀሩ ናቸው። ማንም አላባረራቸውም፤ መንገዱ ብቻ ረዘመባቸው።

በሌላው ወገን ደግሞ፣ ባንኩን ብቻ እያየ ያደገ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት የራቀ እንደ ሆነ፣ ሒሳቡን በትክክል ደምሮ ድምሩ የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ የሚኖር ሰው ይሆናል። ስለዚህ የሰንጋ ተራው ሽቅብ ይውጣ፤ የስድስት ኪሎው ቁልቁል ይውረድ፤ አንዱ የሌላውን ጎረቤት ይወቅ። ማኅበራችንም ክርክርና ጉባኤ ሲያዘጋጅ አንድ ጊዜ እዚህ አንድ ጊዜ እዚያ ቢያደርገው ወጪው የታክሲ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ለአዲስ ገቢዎች አንድ ምክር ልስጥና ዕዳዬን ልዝጋ። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ «የንግድ ትምህርት ቤት ወዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ብለህም አትጠይቅ። የትምህርት ክፍላችሁን ስም በወረቀት ጻፉና እርሱን ጠይቁ፤ ግቢ ይለወጣል፣ ክፍል ግን ስሙን ይዞ ይሄዳል። የምትጠይቁትም ሰው በሙሉ ልብ የሚመልስ ከሆነ ሌላ ሰው ጨምሩ። በሙሉ ልብ የሚመልስ ሰው እንዴት እንደሚያሳስት ከአብነት አንድ ቤተ ሰብ ምስክር አለኝ።

እትዬም ይህን ልጃቸው ቢያነብላቸው፣ ስድስት ኪሎ ደኅና ነው። ልጃቸውን ግን እዚያ መላክ አልነበረብኝም።