የልጅ ልጄ ሳልና የመኪናው ጣሪያ

ባለፈው ሐምሌ ልጄና ምራቴ የአምስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ አምቦ መጡ። መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሆለታ ላይ የያዛቸው ዝናብ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ እስከ ቤቴ በር ድረስ አብሯቸው መጥቷል። ልጁ ከመኪናው ሲወርድ ይስላል። አቅፌ ስስመው ደረቱ ሲር ሲር ሲል ሰማሁ።

«በዚህ ብርድ ስስ ልብስ አልብሰሽ ነው ያመጣሽው?» አልኳት ምራቴን፣ ገና ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ። አንገቷን ደፋች። ቆይታ፣ «እማዬ፣ ቤት ውስጥ እኮ ደህና ነው፤ መኪና ውስጥ ስንቆይ ነው የሚብስበት» አለችኝ ቀስ ብላ። አልሰማኋትም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ «እናት የምትለውን አዳምጡ» እያልኩ ስንቱን ተማሪ መክሬያለሁ። ነገሩ በራሴ ቤት ሲሆን ጆሮዬ ተደፈነ።

በማግሥቱ ጉደር ያሉ ዘመዶቻችንን ልንጠይቅ ወጣን። ከልጁ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። በሩ እንደተዘጋ የሻገተ እንጀራ ያለበት ሞሰብ ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት ሽታ ተቀበለኝ። መስኮቶቹ በውስጥ በኩል ጉም ለብሰዋል። ጉደር ሳንደርስ ካልሲዬ ረጠበ። ጎንበስ ብዬ ምንጣፉን በመዳፌ ብጫነው ውኃ አመነጨ። ቀና ስል ደግሞ በጣሪያው ጨርቅ ጥግ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ምልክት አየሁ።

«ሰንሩፉ ነው የሚያፈስ» አለ ልጄ፣ ነገሩ ብዙም ሳይደንቀው። ሰንሩፍ የሚሉት ጣሪያው ላይ ያለውን ተከፋች መስታወት ነው። ለካ አንድ ጋራዥ ወስዶት ዙሪያውን በሲልኮን አሽገውለት ኖሯል። ገንዘቡን ከፍሏል፤ ማፍሰሱ ግን አልቆመም።

አምቦ ውስጥ አንድ መካኒክ አለ፤ ሲወለድ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም «ሲስተር» ነው የሚለኝ። መኪናዋን ወሰድንለት። ሲልኮኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሲስተር፣ ሰንሩፍ ጠብታ ውኃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ የገባውን እንዲያስወጣ ነው የተሠራው» አለኝ።

እውነቱን ነው። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ አብዛኛውን ዝናብ ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አያግድም። ሾልኮ የሚገባው ከሥሩ ባለ አሸንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ከአሸንዳው ማዕዘኖች፣ ብዙውን ጊዜ ከአራቱም፣ ከእስክሪብቶ ብዙም የማይወፍሩ ቱቦዎች ይወርዳሉ። የፊተኞቹ ከፊት መስታወት ግራና ቀኝ ባሉት ምሰሶዎች ውስጥ አልፈው በፊት በሮች ማጠፊያ ወይም በፓራፋንጎው አካባቢ ይወጣሉ። የኋለኞቹ ደግሞ ከኋላ ጎማ በስተጀርባ፣ በፓራውልቱ በኩል ያፈስሳሉ። ቱቦው ሲደፈን አሸንዳው ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ ወደ ጣሪያው ጨርቅና ወደ ምንጣፉ ይገነፍላል።

ይህን ሲነግረኝ ትዝ ያለኝ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ቁስሉ የቱንም ያህል በጥሩ ቢሰፋ፣ የፈሳሽ ማውጫው ቱቦ ከተደፈነ በሽተኛው ያብጣል። ያን ጊዜ ስፌት መጨመር ምን ይረባል? ሲልኮኑም እንዲሁ ነው። እንዲያውም የተረፈው አሸንዳው ውስጥ ገብቶ አንዱን ቀዳዳ ራሱ ደፍኖት ነበር።

ሌላውን የደፈነው የመንገዱ ትራፊ ነው። ልጄ መኪናውን የሚያቆመው ባህር ዛፍ ሥር ነው። (አፄ ምኒልክ ማገዶ ቢቸግራቸው ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ አዲስ አበባን ያተረፋት ባህር ዛፍ ነው ይባላል። ባለውለታችን ነው፤ መኪና ግን ሥሩ አይቆምም።) በበጋ ደግሞ የጊንጪ መረሬ አፈር አቧራ አለ፤ በጤፍ ውቂያ ወራት የሚበነው እብቅም አለ። ልጄ ሰንሩፉን ከፍቶ መንዳት ይወዳል። ያ ሁሉ አሸንዳው ላይ ይተኛና ዝናብ ሲነካው ጭቃ ይሆናል።

መካኒኩ ሲልኮኑን በጥንቃቄ ልጦ መስታወቱን ከፈተ። አሸንዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። ከዚያ በየማዕዘኑ በሲኒ ጥቂት ጥቂት ውኃ እያፈሰሰ ልጄን ከመኪናው ሥር ሆኖ የሚወርድበትን እንዲያይ አዘዘው። ይህን ማንም ቤቱ ደጃፍ ላይ ሊያደርገው ይችላል። ውኃው ወዲያው በታች ከወረደ ቱቦው ደህና ነው። የእኛ ግራ ኋላ በደንብ ወረደ፤ ቀኝ ኋላ ተንጠባጠበ። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን ውኃውን እንደያዙ ቀሩ።

አጠገባችን ያለ ጎሚስታ ልጅ «በኮምፕሬሰር ልንፋው?» ብሎ የአየር ቱቦውን እየጎተተ መጣ። መካኒኩ ከለከለው። ኃይለኛ አየር ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ሊያወልቀው ይችላል። ያን ጊዜ ውኃው በምሰሶው ውስጥ እንደ ልቡ ይፈስሳል፤ ለመጠገንም የጣሪያውን ጨርቅ ማውረድ ይጠይቃል። እኛም የተደፈነ ካቴተር በጉልበት አንገፋም። ጫፉ ለስላሳ የሆነ ወፍራም የናይለን ክር ቀስ እያደረገ አስገባ። ሲይዘው ገፋ ከማድረግ ይልቅ መለስ አድርጎ እያዞረ ይሞክራል። ሹል ሽቦ አልነካም፤ ቱቦውን ይበሳዋል። እኔም ከቤት ትልቁን የ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አስመጣሁ። ለብ ያለ ውኃ ሞልቼ በዝግታ ስለቀው መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ከበሩ ማጠፊያ አጠገብ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ጭቃ ዱብ አለ፤ ከኋላው ውኃው ተከተለ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሥራ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በብዙ መኪናዎች የቱቦው የታችኛው ጫፍ ላይ ከንፈር ያለው ጎማ አለ፤ ጭቃ የሚይዘው እሱም ስለሆነ በጣት ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው አሰልቺው። ላይኛው ምንጣፍ ደረቅ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውኃውን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። መካኒኩ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታ፤ ከወንበር ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ያልፋሉና። ወንበሮቹ ወጡ፣ ምንጣፉ ተነሣ። ስፖንጁ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። ጣልነው። ለማድረቅ ፀሐይ ስንለምን ልጄ «ከሰል አቀጣጥለን ውስጡ ብናስቀምጥስ?» አለ። ጮህኩበት። በተዘጋ ቦታ የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል ስንት ሌሊት በዓይኔ አይቻለሁ! በአራት ቀን፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር በሮቿን እየከፈትን አደረቅናት።

መኪናው ልጁን አሳመመው ብዬ አልፈርድም። አዲስ አበባ ያየው ሐኪም አስም እንዳለበት ተናግሯል፤ የሚሳብ መድኃኒትም አዝዞለታል፤ እሱ አይቋረጥም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ውስጥ መኖር የአስም ሕመምን እንደሚያባብስ ገልጿል። መስኮቱ ተዘግቶ ሦስት ሰዓት የሚኬድበት መኪና ከጠባብ ክፍል በምን ይሻላል? ልጆችን ትምህርት ቤት የምታመላልሱ ወላጆች፣ መኪናችሁ ሲከፈት የሻጋታ ሽታ ካለው፣ ሽቶ ከመስቀላችሁ በፊት ምንጣፉን በእጃችሁ ተጫኑት። ሰንሩፍ ካለው ሲኒዋን ውኃ ሰኔ ሳይገባ አፍስሱ።

የጭቃው ቀን ማታ ምራቴ ቡና ስትቆላ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አማት ምራትን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ቤት ልማድ አይደለም፤ እናቴ ስትጠይቅ አላየሁም። «ነግረሽኝ ነበር፤ አልሰማሁሽም» አልኳት። ቡናውን ማማሰሏን ሳታቆም «ለእሱም ሦስት ወር ሙሉ ስነግረው ነበር» አለች፣ ባሏን በአገጯ እያመለከተች።

ለመስቀል መጡ። ልጁ ከመኪናው ሲወርድ አንድ ሁለቴ ሳለና ወደ ጥጃው ሮጠ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ወደ ኋላ ወንበር ገባሁና ምንጣፉን ረገጥኩት። ደረቅ ነው። ምራቴ ሻንጣዋን እንደያዘች ቆማ ታየኝ ነበርና ሳቋ አመለጣት።