የፊንላንዶች «መቶ» ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1769 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ኢየሱሳውያን ካህናት በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በቫርዶ ደሴት ላይ ቴሌስኮፕ ተክለው ሰማይ ይጠብቁ ነበር። ማክሲሚሊያን ሄልና ረዳቱ ያኖሽ ሻይኖቪች እዚያ ድረስ የዘለቁት ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ነው። ጁን 3 ቀን አለፈች፤ አዩአት።

የሻይኖቪችን ስም ያቆየለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሻይኖቪች ሃንጋሪያዊ ነበር። ሄል የአካባቢውን የሳሚ ሕዝብ ቋንቋ ከሃንጋሪኛ ጋር እንዲያመሳክር ገፋፋው። በ1770 ኮፐንሃገን ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱ አንድ ቋንቋ ናቸው እስከ ማለት ደረሰ። አጋንኖታል፤ ዝምድናው ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። አገሩ ላይ ብዙዎች አልወደዱለትም። ክቡር የጦረኛ ዘር ነን የሚሉት ሃንጋሪያውያን «ዓሣ ዓሣ የሚሸት ዝምድና» እያሉ ተሳለቁ።

ፊንላንድኛም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ማስረጃው የአንድ ሁለት ቃል መመሳሰል ሳይሆን የድምፅ ሥርዓት ነው። ዓሣ በፊንላንድኛ «ካላ»፣ በሃንጋሪኛ «ሃል»። ሦስት «ኮልሜ»፣ «ሃሮም»። ጎጆ «ኮታ»፣ ቤት ደግሞ «ሃዝ»። በእነዚህ ቃላት ፊንላንዱ «ከ» ያለበት ቦታ ሃንጋሪው «ሀ» ይላል። እንዲህ ተሰልፎ የሚመጣ ልዩነት ከደርዘን መመሳሰል ይበልጣል።

በሌላው የዓለም ጫፍ፣ በ1786 የካልካታው ዳኛ ዊልያም ጆንስ ለእስያ ማኅበር ንግግር አደረገ፤ ሳንስክሪት፣ ግሪክኛና ላቲን ምናልባት ዛሬ ከሌለ አንድ ምንጭ ሳይወጡ አልቀሩም አለ። በሕንድ፣ በብራህማፑትራ ሸለቆ የሚነገረው አሳምኛ የተወለደው ከሳንስክሪት ወገን ነው።

ስለዚህ ፊንላንድኛ በአንድ ቤት፣ አሳምኛ በሌላ ቤት ሆኑ። ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር፤ ቁጥር ባይኖር ኖሮ።

ፊንላንዶች መቶን «ሳታ» ይላሉ። ሃንጋሪዎች «ሳዝ»፣ በሳይቤሪያ ያሉት ማንሲዎች «ሳት»። ሳንስክሪት ደግሞ «ሻታ» ይላል። አሳምኛ የሳንስክሪትን «ሰ» እና «ሸ» ብዙ ጊዜ ወደ ጉሮሮ ወስዶ፣ የቃሉንም መጨረሻ ቆርጦ፣ አንድ መቶን «ኤኾ» ይለዋል («ኤ» እዚህ አንድ ማለት ነው፤ «ኾ»ን ትግርኛ ተናጋሪ እንደሚያወጣው ከጉሮሮ አውጥታችሁ አንብቡት)። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቤተሰቦች አንድ «መቶ» ከየት አገኙ?

መልሱን የሰጠው የቃሉ አካል ነው። ላቲን መቶን «ኬንቱም» ይላል፤ በመጀመሪያው ድምፅ «ከ»፣ በመሐል «ን» አለው። ሊቱዌንያኛ «ሺምታስ» ይላል፤ «ከ» ወደ «ሸ» ተለውጧል፣ በመሐል ያለው «ም» ግን አልጠፋም። «ከ»ም ተለውጦ፣ የመሐሉም ድምፅ ጠፍቶ በ«አ» የተተካው በኢራንና በሕንድ ወገን ብቻ ነው። የፊንላንዱ «ሳታ» ሁለቱንም ለውጦች ይዟል። ስለዚህ ከጀርመንም ከሊቱዌንያም ጎረቤት አልመጣም፤ የኢራንና የሕንድ ቋንቋዎች ቅድመ አያት ከነበረው፣ ለውጡ ካለቀ በኋላ፣ ተወሰደ። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ ጽሑፍ ሳይኖር፣ ምስክር ሳይኖር፣ የብድሩን ወገን ከአንድ አጭር ቃል ማንበብ ተቻለ።

አንድ ቃል ብቻውን ቢሆን አጋጣሚ በተባለ። ነገር ግን የፊንላንዱ መዶሻ «ቫሳራ» የሕንዱ አምላክ የኢንድራ መሣሪያ ከሆነው «ቫጅራ» ጋር ይሄዳል፤ አሳምኛ ያንኑ ከሳንስክሪት ወስዶ መብረቅን «ቦዝሮ» ይላል። ንብ በፊንላንድኛ «ሜሂላይኔን» ነው፤ አሳሞች ዝንብን «ማኪ»፣ ንብን «ሞው-ማኪ»፣ የማር ዝንብ እንደማለት፣ ይላሉ። በጣም ያከራከረው «ኦርያ» ነው፤ ባሪያ ማለት ሲሆን፣ ብዙዎች የሕንድና የኢራን ሰዎች ራሳቸውን ከጠሩበት «አርያ» ጋር ያገናኙታል። ምናልባት የተማረኩ ሰዎች ስም ይሆናል።

በ1922 ስለነዚህ ብድሮች ትልቅ መጽሐፍ ያወጣው የጀርመኑ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ኸርማን ያኮብሶን ነበር። የአይሁድ ተወላጅ ነው። በ1933 «አርያ» የሚለውን ቃል ለራሳቸው የነጠቁት ናዚዎች ከዩኒቨርሲቲው አባረሩት፤ ብዙም ሳይቆይ ራሱን አጠፋ።

ብድሩ የት ተፈጸመ ለሚለው አርኪዮሎጂ አንድ ቦታ ይጠቁማል። ከኡራል ተራሮች በስተደቡብ፣ ሲንታሽታ በተባለው ሥፍራ፣ ከዛሬ 4,000 ዓመት ግድም በፊት ሰዎች ከሠረገላና ከፈረስ ጋር ተቀብረዋል። ብዙ ሊቃውንት እነዚህ ሰዎች የሕንድና ኢራን ቅድመ አያት ቋንቋ ተናጋሪዎች ነበሩ ይላሉ። የፊንላንድኛ ቅድመ አያቶች ደግሞ በስተሰሜን፣ በደኑ ወገን ነበሩ። እስከ ስድስት ያለው ቁጥር የራሳቸው ነው፤ መቶን ግን ከጎረቤት ወሰዱ። ከብት ሲቆጥሩና ሲገበያዩ ይሆናል የሚለው ግምት ለእኔ ይመቸኛል።

አሁን ወጥመዱን ላሳያችሁ። አንድ በፊንላንድኛ «ዩክሲ»፣ በአሳምኛ «ኤክ» ነው። ሲሰሙት መንትያ ይመስላል። ሆኖም የፊንላንዱ ጥንታዊ መልክ «ዩክቴ» ነበር፣ የሳሚው «ኦክታ» እንደሚመሰክረው፤ የአሳሙ ምንጭ የሳንስክሪት «ኤካ» ነው። ግንኙነት የላቸውም። ተመሳሳዩ ጥንድ ባዕድ፣ የተራራቀው «ሳታ» እና «ኤኾ» ግን የአንድ ቃል ዝርያ!

ሰዋስውም እንዲሁ ያታልላል። ሁለቱም ቋንቋዎች አናባቢዎቻቸውን እርስ በርስ ያስማማሉ፤ ግን ፊንላንድኛ ከግንዱ ወደ ቅጥያው፣ አሳምኛ ከቅጥያው ወደ ግንዱ። ፊንላንድኛ በስም መጨረሻ ላይ ባለቤቱን ይለጥፋል፣ እኛ «እናቴ፣ እናትህ» እንደምንለው። አሳምኛም እናትን «ሞር ማ» የእኔ፣ «ቶማር ማራ» የአንተ፣ «ታር ማክ» የእሱ እያለ መጨረሻውን ይለውጣል፤ ነገር ግን በዘመድ ስሞች ላይ ብቻ ነው። እነዚህን መመሳሰሎች አይቶ ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ የድምፅ ሰልፉን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። እስካሁን ማንም አላሳየም።