ቮልስ መኪናና የደጋ አየር

በእሳት የሚሠራ ማናቸውም ነገር አየር ይሻል። በአንጥረኛ ቤት ተቀምጦ ወናፍ ሲነፋ የተመለከተ ሰው፥ ከሰሉ በዝቶ ነፋሱ ሲያንስ ፍሙ እንደሚጨስ ብረቱም እንደማይግል ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጐተቱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ፥ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የአሮጌ መኪና ሞተርም ከዚህ ሕግ አይወጣም።

ከአባት የተላለፈች ቮልስ መኪና ያለው ቤተ ሰብ ዛሬም አለ። የዚች መኪና የመጨረሻይቱ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጥታለች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ ያለችውን ጠንቅቆ መያዝ ግድ ሆኗል።

ከፎገራ ሜዳ ተነሥታ ደብረ ታቦር የምትገባ ቮልስ 900 ሜትር ያህል ወደ ላይ ትወጣለች። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች፥ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ይቃጠል ዘንድ 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡራተር ግን የአየሩን ክብደት አይመዝንም፤ በቀዳዳው ልክ ያፈሳል። ስለዚህ በቆላ የተስተካከለው በደጋ ቤንዚን ያበዛል፥ ጭሱም ይጠቁራል።

ጀማሪ ይህን ሲያይ ካቻቢቴ አንሥቶ በካርቡራተሩ ላይ ይዘምታል። ነገር ግን ጥቁር ጭስ ከደካማ እሳትም ይመጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ እሳቱ፥ ቀጥሎ አየሩ፥ ቤንዚኑ በመጨረሻ ይመርመር።

መኪናይቱ ጥቂት መንገድ ከሄደች በኋላ አጥፍታችሁ፥ ሞተሩ ሲበርድ አራቱን ካንዴላዎች ፍቱና በየተራቸው ደርድሩ። ጫፉ እንደ ለፋ ቆዳ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል፤ በዘይት ከራሰ የፒስተኑ ቀለበት አልቆ ይሆናል፤ ከነጣ ቤንዚን አንሷል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ቢለይ ካርቡራተሩን አትንኩ፤ አንዱ ካርቡራተር አራቱንም ያጠጣልና፥ ጥፋቱ በዚያው ሲሊንደር ወይም በካንዴላው ገመድ ይፈለግ።

ከዚያ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ከፍታችሁ ፑንቲናውን ተመልከቱ። እስከ መጨረሻ ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ክፍተቱ ሲለወጥ እሳቱ የሚነሣበት ጊዜም ስለሚዛወር፥ ፑንቲናው ሳይስተካከል የእሳቱን ጊዜ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው። ፊልትሮውም ዘይት የሚያዝለት ዓይነት ከሆነ፥ የመንገዱ አቧራ በሥሩ ጭቃ ሆኖ ይረጋልና ታጥቦ ዘይቱ ይለወጥ።

አሁን ወደ ካርቡራተሩ መድረስ ይቻላል። በቀድሞዎቹ ቮልሶች፥ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የሚኒሞውን የድብልቅ ብሎን ሳታስጨንቁ እስከ መጨረሻ ዝጉና አንድ ዙር ተኩል ያህል መልሱ፤ ከዚያ አስነሥታችሁ ሲሞቅ፥ ጥቂት በጥቂት እያዞራችሁ ሳይንቀጠቀጥ ፈጥኖ በሚዞርበት ላይ ተዉት። ይህንም ደጅ አድርጉት፤ በተዘጋ ቤት የሞተር ጭስ ይገድላል። ይህ ብሎን የሚገዛው መኪናይቱ ቆማ ሞተሩ ሲዞር ነው። በዳገት ለሚታየው ጭስ ዋናውን የነሐስ ጄት ጠበብ ባለ መለወጥ ያስፈልጋል፤ በሽቦ መጐርጐር ግን ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ጠባቡን ጄት ይዞ ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፤ በዚያ ቤንዚኑ ያንስና በአየር ብቻ የሚበርደው ሞተር ከልክ በላይ ይግላል። የሳሳው አየር የወሰደውን ጉልበት ግን የትኛውም ብሎን አይመልሰውም፤ ቤንዚን ጨምሮ ሊያስመልሰው የሚሞክር ካንዴላውን በጥላሸት ከመሙላት በቀር ትርፍ የለውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የቤንዚኑ ጐማ ቱቦ ይታይ። ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ የሚንጠባጠበውም በጋለው ሞተርና በዲስትሪቢውተሩ ላይ ስለሚወድቅ በዚህ ምክንያት የነደደች ቮልስ ጥቂት አይደለችም። ቱቦውን በጣታችሁ አጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ካያችሁ፥ ሌላው ሥራ ለነገ ይቆይና ዛሬ ቱቦው ይለወጥ።