ደጋፊ የሽንፈቱን ዘመን ስለምን ያነሣል?

ብዙ ሰው ደጋፊ የሚወደው የድሉን ቀን ማውራት ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለዚህም የእንግሊዙን የማንቸስተር ሲቲን ታሪክ በምሳሌነት አቀርባለሁ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ በዋንጫ ብዛት የታወቀው ይህ ክለብ በ1996 ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ። በ1998 ደግሞ በመጨረሻው ጨዋታ ስቶክ ሲቲን 5 ለ 2 ቢያሸንፍም ከመውረድ አልዳነም፤ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ገባ። ሆኖም በዚያ የውርደት ዓመት ወደ ሜይን ሮድ ሜዳ በየጨዋታው በአማካይ ከ28,000 የሚበልጥ ሕዝብ ይመጣ ነበር። በ1999 በዌምብሌይ ከጂሊንግሃም ጋር ለማለፍ ሲጋጠም፥ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው 2 ለ 0 ተመርቶ ነበር። ነገር ግን ሆርሎክና ዲኮቭ አከታትለው አገቡና አቻ ሆነ፤ በመለያ ምትም 3 ለ 1 አሸነፈ።

የዚያን ጊዜ ደጋፊዎች ይህን ሲያወሩ የሚኮሩት በሽንፈቱ አይደለም፤ ባለመክዳታቸው ነው። በድል ቀን ወዳጅ ይበዛል፤ ከልቡ የወደደው የሚለየው ግን በክፉ ቀን ነው። ክለቡ በ2023 የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ሲያነሣ፥ እኔ እንደሚመስለኝ፥ የእነርሱ ደስታ ከሌላው ሁሉ የጠለቀ ነበር።

እንግዲህ በትምህርት ቤታችን ሲቲን የምትደግፉ ጓደኞቼ ሆይ፥ እናንተ ከድል በቀር ብዙ አላያችሁም። ቡድናችሁ የወደቀ ዕለት መለያውን ታወልቁት እንደ ሆነ ያን ጊዜ እንተያያለን።