ቀላል ጠመንጃና የትከሻ ዕዳ

በሮኪ ተራሮች ኤልክ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ዳገት የሚወጣ አዳኝ ከሸክሙ ግማሽ ኪሎ መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰደፋቸው ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ አፈሙዛቸው የቀጠነ፣ ከነመነጽራቸው 3 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ጠመንጃዎች ገበያ የደራላቸው ለዚሁ ነው። ቃታው ሲሳብ ግን ሒሳቡን የሚከፍለው ትከሻ ነው።

አረሩና የባሩዱ ጋዝ ወደ ፊት ሲወረወሩ ጠመንጃው በዚያው መጠን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ክብደቱ ባነሰ ቁጥር ምቱ ይበረታል። በተለመደው ጥይት ሲሰላ፣ ባለ 3 ኪሎው ጠመንጃ በ243 ዊንቸስተር 16 ጁል ያህል ይመታል። በ6.5 ክሪድሙር 22፣ በ308 ዊንቸስተር 28፣ በ30-06 ደግሞ 36 ይደርሳል። 300 ዊንቸስተር ማግነም ሲሆን 50 ይጠጋል፤ የ243ን ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። አረሩ እጥፍ እንኳ አይመዝንም፤ ነገር ግን ባሩዱም በዝቷል፣ ግፊቱ እጥፍ ቢሆን ደግሞ የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

30-06ን የአሜሪካ ጦር የተቀበለው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። ይተኮስበት የነበረው ስፕሪንግፊልድ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የዛሬው የአደን ጥይት በዚያ ክብደት የሚመታው 27 ጁል አካባቢ ነው። እንግዲህ ባለ 3 ኪሎ 308 የያዘ ሰው የሚቀበለው የአያቶቹን ከባድ 30-06 ምት ነው።

ከሕመሙ ይልቅ የሚከፋው ድንጋጤው ነው። ተኳሹ ሳይታወቀው ምቱን ቀድሞ መጠበቅ ይጀምራል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቃታውን ይመነጭቃል። አሠልጣኞች ይህን የሚያጋልጡበት ዘዴ አላቸው፤ እሱ ሳያይ ባሩድ የሌለበት የልምምድ ጥይት ከመሃል ይጨምሩበታል። ቃታው ቀጭ ብሎ ይቀራል፤ አፈሙዙ ግን ወደ ታች ይደፋል። ዓይኑን መነጽሩ ላይ የለጠፈማ ቅንድቡ ተተልትሎ ነው የሚመለሰው።

አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገጠም ብሬክ ጋዙን ወደ ጎን እያስወጣ ምቱን በእጅጉ ይቀንሳል፤ በተለይ ባሩድ በሚበዛበት ማግነም። ድምፁን ግን ወደ ተኳሹና አጠገቡ ወዳለው ሰው ይመልሰዋል፤ ያለ ጆሮ መከላከያ አይሞከርም።

ለአጋዘንና ለተራራ በግ ከሆነ፣ በቀላል ጠመንጃ 6.5 ክሪድሙር ይበቃል ባይ ነኝ። የግድ 300 ማግነም የሚል ሰው አራተኛውን ኪሎ ቢሸከም ይሻለዋል።